ወረቀቱ ላይ የሌሉ ስሞች

ወለጋ ውስጥ ግንቦት የዝናብ ወር ነው። ከነቀምቴ አስፋልት ወረድ ካሉ ቀዩ አፈር ጭቃ ሆኖ ጫማ ሥር ይቆለላል፤ ዲዴሳን ተሻግሮ ወደ ጊምቢ፣ ከዚያም ወደ ደምቢዶሎ ለሚዘልቅ ሰው መንገዱ ራሱ የቀን ሥራ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም ምርጫ የተደረገው በዚህ ወቅት ነበር። ዕለቱ እሑድ ነው። በአገሪቱ ብዙ ቦታ ሰው ጎህ ሳይቀድ ተሰልፎ፣ ጣቢያው በሚዘጋበት ሰዓት ገና ያልደረሰው ወረፋ ነበር።

የምርጫ ጣቢያ ውስጡ ሲታይ ብዙ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የቀበሌ አዳራሽ ነው። አስመራጩ ስም ከመዝገብ ይፈልጋል፣ መራጩ ይፈርማል፣ አውራ ጣቱ ላይ ቶሎ የማይለቅ ቀለም ይነካል። ከዚያ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለጨፌ ኦሮሚያ። ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ከሚፈልገው ስም አጠገብ የኤክስ ምልክት ያደርጋል ወይም በጣቱ አሻራ ያትማል። ማንበብ የማይችል ምልክት አይቶ ይለያል፤ የገዢውን ፓርቲ የኢሕአዴግን ንብ የማያውቅ አልነበረም። ሲመሽ ሳጥኑ እዚያው ይከፈታል፣ እዚያው ይቆጠራል፣ ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል።

የዚያ ዕለት ምርጫ ከሌሎቹ የሚለየው በሰልፉ ርዝመት ይመስለን ነበር። እኔ አሁን የማየው በወረቀቱ ርዝመት ነው።

ደምቢዶሎ ላይ ከታደለው ወረቀት አንደኛው ስም ማንም የሚያውቀው ነበር። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከነሐሴ 1987 እስከ መስከረም 1994 ዓ.ም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከዚያም በፊት ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ መርተዋል። አሁን ከቤተ መንግሥት ወጥተው፣ ከፓርቲያቸው ከኦሕዴድም ተለይተው፣ የትውልድ ከተማቸውን ድምፅ ሊጠይቁ መጥተዋል፤ ያለ ፓርቲ፣ በግል።

በቄለም ወለጋ ነጋሶን ለማስተዋወቅ ፖስተር አያስፈልግም። አባታቸው ቄስ ጊዳዳ ሶለን በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡ፣ ሆኖም አገሩን በወንጌል ስብከት ያዳረሱ ሰው ነበሩ። ልጅየው በጀርመን ፍራንክፈርት ዶክትሬታቸውን ሲሠሩ የመረጡት ርዕስ የሰዮ ኦሮሞ ታሪክ ነው፤ ማለትም የዚያው አካባቢ ሕዝብ። ዕጩ ሆኖ የመራጮቹን ቅድመ አያቶች ታሪክ ራሱ የጻፈ ሰው በየትኛውም አገር ቢፈለግ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም።

ውድድሩ ግን ዋጋ ነበረው። ነጋሶ ከፕሬዚዳንትነት ሊወርዱ ሰሞን ፓርላማው አዋጅ አውጥቶ ነበር። አዋጁ ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ገለልተኛ እንዲሆን ያዛል፤ ቤቱ፣ መኪናው፣ ሕክምናውና አበሉም ከዚሁ ጋር ተያይዘዋል። ነጋሶ በግል መወዳደር የፓርቲ ፖለቲካ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ አላዳናቸውም፤ ጥቅማ ጥቅሙ ተቋረጠ። ደምቢዶሎ ግን መረጣቸው። 547 ወንበር ባለው ምክር ቤት ብቸኛው የግል ተመራጭ ሆነው ገቡ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለውን ለመረዳት የድምፅ አቆጣጠሩን ማየት ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ላይ አገሪቱ በምርጫ ክልሎች እንደምትከፈልና በእያንዳንዱ ክልል አብላጫ ድምፅ ያገኘው እንደሚያልፍ ይደነግጋል። አብላጫ ማለት ከግማሽ በላይ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ያህል 30 ሺህ ሰው ድምፅ ቢሰጥና አራት ዕጩዎች 9 ሺህ፣ 8 ሺህ፣ 7 ሺህ እና 6 ሺህ ቢያገኙ ባለ 9 ሺሁ ፓርላማ ይገባል፤ የተቀረው 21 ሺህ ሰው ወኪል የለውም። የፓርቲው አገር አቀፍ ድምር ከቁጥር አይገባም። እያንዳንዱ ክልል ለብቻው የሚካሄድ ውድድር ነው፤ ደምቢዶሎ ማንን እንደምትልክ አዲስ አበባ አያገባውም።

አሜሪካውያንም የተወካዮች ምክር ቤታቸውን 435 ወንበሮች በአብዛኛው የሚሞሉት በዚሁ ስሌት ነው። እዚያ ይህ አሠራር ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎችን አሳድጎ ሌላውን አኮስሷል፤ ሦስተኛ ዕጩ ድምፅ አባካኝ ተደርጎ ይታያል። በኛ አገር ያው ስሌት ሌላ ፍሬም ያፈራል። ፓርቲዎቻችን በአብዛኛው የአንድ አካባቢ ናቸው፤ አንድ ቦታ የተከማቸ ድምፅ ደግሞ በዚህ ሥርዓት ወርቅ ነው። በ1997 ይህን ከማንም በላይ ያሳዩት የወለጋው ተወላጅ አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ናቸው።

አቶ ቡልቻ ቦጂ ተወልደው፣ በንጉሡ ዘመን በገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትርነት ሠርተው፣ በዓለም ባንክም አገልግለው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ከአዋሽ ባንክ መሥራቾች ግንባር ቀደሙ ነበሩ። ከሰባ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ ሌላው ጡረታ በሚያጣጥምበት ዕድሜ፣ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን፣ ኦፌዴንን፣ ይዘው ወደ ምርጫ ገቡ። ገና ጨቅላ ፓርቲ ነው፤ ከወለጋ ውጭ ብዙ የሚታወቅም አልነበረም። 11 ወንበር አገኘ። በዚያው ምርጫ ኢሕአዴግ 327፣ ከተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር ተመዘገበላቸው፤ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች አንዳቸውንም ሳያስቀር ወሰደ። በአገር ደረጃ ትንሽ ሆኖ በሰፈሩ ትልቅ መሆን የሚያዋጣበት ሥርዓት ነው። ቡልቻ ፓርላማ ውስጥ በጀት ሲተነትኑ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ዛሬም ያስታውሳቸዋል፤ ባንክ የመሠረተ ሰው የመንግሥትን ሒሳብ ሲጠይቅ ጥያቄው ከሌላው ይለያል።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልበል። ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠው በ1949 ዓ.ም ነው፤ ከተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኋላ በመላ አገሪቱ ለተደረገው ምርጫ። ያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል አልነበረም። ዕጩ ለመሆን ግን በምርጫ ወረዳው ንብረት መያዝ ግድ ነበር፤ የማይንቀሳቀስ ከሆነ የ1 ሺህ ብር፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የ2 ሺህ ብር። የዛሬው አንባቢ ሊያሾፍበት ይችላል፤ በዚያ ዘመን ለአንድ ጢሰኛ ግን 1 ሺህ ብር የማይታሰብ ነበር። ሁሉም የግል ተወዳዳሪ በሆነበት አገር የሚመረጠው ባለመሬቱ ነው። ደርግም በ1979 ዓ.ም ለ835ቱ የሸንጎ ወንበሮች ምርጫ አካሂዷል፤ በአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር ስለነበር ብዙ አልናገርበትም።

ፓርቲ ከነ ባንዲራው ወለጋ የደረሰው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። የኦሮሞ ነፃነት ግንባር፣ ኦነግ፣ በሽግግር መንግሥቱ ውስጥ ነበር፤ በወለጋ ከተሞችና ገጠሮች ደጋፊው ብዙ ነው። ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም የክልልና የወረዳ ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ኦነግ ከውድድሩ ወጣሁ አለ። ዕጩዎቼ ታስረዋል፣ ጽሕፈት ቤቶቼ ተዘግተዋል የሚል ነበር ክሱ። ምርጫው ያለ እሱ ተካሄደ፤ ኦነግ ከሽግግር መንግሥቱ ለቅቆ ወጣ፤ ጦሩና የኢሕአዴግ ጦር ተታኮሱ። ወለጋ የመጀመሪያውን የመድበለ ፓርቲ ምርጫ ያየችው እንግዲህ ዋነኛው ተፎካካሪ በሌለበት ወረቀት ነው። በዚያው ዓመት የተመሠረተ ልማድ ይመስል፣ ከዚያ በኋላ በመጡት ምርጫዎች ላይ «ማን አሸነፈ» ከሚለው በፊት «ማን ቀረ» የሚለውን መጠየቅ የወለጋ ጋዜጠኛ ደንብ ሆነ።

ለዚህም ነው 1997 የተለየ የሚሆነው። ወረቀቱ ከሌላው ጊዜ ይልቅ የሞላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በ2000 ዓ.ም ነጋሶ ወደ ደምቢዶሎ ተመልሰው ያዩትን በጽሑፍ አወጡ። ያ ዘገባ ስለ ምርጫ ከተጻፉ ወፍራም መጻሕፍት ይልቅ ብዙ ያስረዳል ባይ ነኝ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የገለጹት የድምፅ ሳጥን ስርቆት አይደለም። የገለጹት ጋሬን ነው።

ቀበሌ ወደ ጎጥ፣ ጎጥ ወደ ጋሬ ይከፈላል። አንድ ጋሬ 30 ገደማ አባወራ ነው። ጋሬው ኃላፊ አለው፤ ኃላፊው ጎረቤት ነው። የማን ቤት እንግዳ እንደመጣ፣ ማን ስብሰባ እንደቀረ፣ የማን ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተባርሮ እንደተመለሰ ያውቃል። ለልማት ሥራ የሚጠራው እሱ ነው፤ ከመንግሥት የሚመጣ ነገር በሱ በኩል ያልፋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ስለ ኦሮሚያ ባወጣው ሪፖርት ይኸው የጎጥና የጋሬ መዋቅር ገበሬውን ለመከታተልና ለመቆጣጠር ይውላል ብሎ ነበር። መንግሥት መዋቅሩ ለልማት የተዘረጋ ነው ብሏል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ መጋረጃ ጀርባ ለምትገባ ሴት ግን ልዩነቱ እምብዛም ነው። ድምፅ ምስጢር የሚሆነው ለሁለት ደቂቃ ነው። ከጋሬው ኃላፊ ጋር የምትኖረው ዓመቱን ሙሉ ነው።

ይህ የኛ ብቻ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካዋ ቺካጎ ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ከ1955 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ከተማዋን የገዙት በሰፈር ተጠሪዎች ነበር። እያንዳንዱ ተጠሪ የምርጫ ጣቢያውን ቤቶች አንድ በአንድ ያውቃል፤ የቆሻሻ በርሜል ያስመጣል፣ የተሰበረ መብራት ያስጠግናል፣ ለወንድምህ ልጅ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ያፈላልጋል። በምርጫ ቀን በርህን ያንኳኳል። ተጠሪው ራሱ ደመወዙን የሚያገኘው ከማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ሰፈሩ ድምፅ ካላመጣ ሥራውም ያጠያይቃል። ይህን ያናጋው ምርጫ አይደለም። በ1969 ማይክል ሻክማን የሚባል ጠበቃ ለኢሊኖይ ግዛት የሕገ መንግሥት ጉባኤ በግል ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ በከተማው ደመወዝ የሚሠራ የፓርቲ ሠራዊት ነው የገጠመኝ ብሎ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። በ1972 የመንግሥት ሠራተኛን በፖለቲካ ምክንያት ማባረር ተከለከለ፤ ቅጥሩን የሚመለከተው ውሳኔ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ መጣ፤ የፍርድ ቤቱ ክትትል ደግሞ አሥርተ ዓመታት ዘለቀ። ሁለቱን የግል ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሚታየኝ ይህ ነው፦ የቺካጎው ቢሸነፍም ፍርድ ቤት ሰማው፤ የደምቢዶሎው አሸንፎም አበሉን አጣ።

ጋሬ ምን ያህል እንደሚሠራ ቁጥሮቹ ተናገሩ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም የአካባቢ ምርጫ በአገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ የምክር ቤት ወንበር ነበር፤ ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ወጥተው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሁሉንም ወሰዱት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2002 ከ547 ወንበር 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። የቀሩት ሁለቱ አንድ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት የመድረክ ተመራጭና አንድ የግል ተመራጭ ነበሩ፤ ሁለቱም ከወለጋ አይደሉም። በ2007 ያቺም ሁለት ጠፋች። ሕገ መንግሥቱ ያው፣ አብላጫ ድምፅ ያው፣ የምርጫ ክልሉ ያው ነው። ያልተለወጠ ሕግ በአሥር ዓመት ውስጥ ይህን ያህል የተለያየ ፓርላማ ከሰጠ መልሱን ከሕጉ ውጭ መፈለግ ነው። ከምርጫው ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008፣ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ወደ አምቦ፣ ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጊምቢ ተዛመተ። ተቃዋሚ የሌለበት ፓርላማ አዲስ አበባ ላይ ገና ሥራ መጀመሩ ነበር።

ነጋሶ በዚህ ሁሉ ዝም አላሉም። አንድነት ፓርቲን ተቀላቅለው በሊቀመንበርነት መሩት። ፖለቲካዊ ሕይወታቸውን የሚተርከው መጽሐፍ «ዳንዲ፦ የነጋሶ መንገድ» ይባላል። ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓ.ም ጀርመን ውስጥ አረፉ። ኦፌዴን በበኩሉ በ2004 ከኦሮሞ ሕዝብ ኮንግረስ ጋር ተዋሕዶ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ፣ ኦፌኮ፣ ሆነ።

በ2010 ለውጥ መጣ ሲባል ወረቀቱ እንደገና የሚሞላ መስሎ ነበር። ኦነግ በመስከረም 2011 ከኤርትራ ተመለሰ። ምርጫ ቦርድ አዲስ ሰብሳቢ አገኘ፤ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ፣ ራሳቸው በአንድ ወቅት የተቃዋሚ መሪና እስረኛ የነበሩ። በነሐሴ 2011 የወጣው የምርጫ ሕግ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10 ሺህ፣ ለክልል ፓርቲ 4 ሺህ መሥራች አባል ጠየቀ፤ ቀድሞ 1,500 እና 750 ነበር። ብዙ ፓርቲዎች ተቃወሙት። እኔ በዚህ ከቦርዱ ጋር ነኝ፤ ማኅተም ብቻ ያላቸው ፓርቲዎች ወረቀቱን ቢያረዝሙትም ምርጫ አያደርጉትም። የወለጋ ጣጣ ግን ከዚህ ቁጥር ጋር አይገናኝም። ኦነግም ሆነ ኦፌኮ 10 ሺህ ሰው አይቸግራቸውም።

የቸገራቸው ሌላ ነው። በወለጋ መንግሥት ሸኔ የሚለው፣ ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ጦር የሚለው ኃይል ከመንግሥት ጦር ጋር ይዋጋ ነበር። በ2012 ለወራት ስልክና ኢንተርኔት በምዕራብ ኦሮሚያ ተቋርጦ ነበር። ከሰኔ 2012 የድምፃዊ ሃጫሉ ግድያ በኋላ የኦፌኮ መሪዎች ታሰሩ። በ2013 ሁለቱም ፓርቲዎች ጽሕፈት ቤታችን ተዘግቷል፣ ሰዎቻችን ታስረዋል ብለው ከምርጫው ወጡ። ቃሉ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከተባለው ጋር አንድ ነው። ቀኑም አንድ ነው፤ ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ የተደረገው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም ነው። ማንም አስቦበት እንዳላደረገው እርግጠኛ ነኝ፤ ማንም ልብ አለማለቱ ነው የገረመኝ።

በወለጋ ዞኖች የመራጮች ምዝገባ በጸጥታው ምክንያት ከሌላው አገር ዘግይቶ ጀመረ፤ በአንዳንድ የምርጫ ክልሎች ጨርሶ ድምፅ አልተሰጠም። ድምፅ በተሰጠበትም ብዙ ቦታ የገዢው ፓርቲ የብልጽግና ምልክት አምፖል ጠንካራ ተፎካካሪ አልገጠመውም። በመጀመሪያው ዙር ውጤት ከታወቀባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን ወሰደ። ኦሮሚያ ውስጥ ተቃዋሚ ፓርቲ ወንበር አላገኘም።

አሁን ከጊምቢ ወይም ከነጆ ተነሥቶ ሚኒያፖሊስ የገባ ሰው እናስብ። የሚኒሶታ ግዛት ከፍተኛ ቁጥር ያለው የኦሮሞ ማኅበረሰብ መኖሪያ ነው፤ ከመካከላቸውም ወለጌው ብዙ ነው። ዜግነት ካገኘ በኋላ የሚደርሰው ወረቀት ርዝመቱ ያስደነግጠዋል። ፕሬዚዳንት፣ ሴናተር፣ የምክር ቤት አባል፣ ዳኛ፣ ሸሪፍ፣ የትምህርት ቤት ቦርድ። የግዛቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት መመሪያውን በኦሮምኛም በአማርኛም ያዘጋጃል። ያልተመዘገበ ሰው በምርጫው ዕለት እዚያው መመዝገብ ይችላል፤ አድራሻ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለው ደግሞ የዚያው ምርጫ ጣቢያ መራጭ የሆነ ጎረቤት ይመሰክርለታል፣ አንድ ሰው እስከ ስምንት ሰው ድረስ። መታወቂያ የሌለው በአካባቢው ሰው ምስክርነት የሚመዘገብበት አሠራር ለኛም ሰው አዲስ አይደለም፤ ወለጋ ላይ የሚያውቀውን ነው ሚኒሶታ ላይ የሚያገኘው።

አዲስ የሚሆንበት የከንቲባው ምርጫ ነው። ሚኒያፖሊስ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መራጩ ለከንቲባ ሦስት ዕጩዎችን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ ትፈቅዳለች። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ዝቅተኞቹ ይወጡና የመረጧቸው ሰዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዞራል። ቅድም ያልኩት ባለ 9 ሺህ ድምፅ ዕጩ እዚህ ቢሆን ገና አላሸነፈም፤ የ21 ሺሁን ሰው ሁለተኛ ምርጫ መጠበቅ አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥም የምርጫ ሥርዓት ይለወጥ የሚሉ ፖለቲከኞች ተመጣጣኝ ውክልናን ሲያነሡ ቆይተዋል። ጥሩ ክርክር ነው። ግን ሦስት ስም ለመደርደር መጀመሪያ ሦስት ስም ወረቀቱ ላይ መኖር አለበት፤ የወለጋ ችግር ከስሌቱ አንድ ደረጃ ቀድሞ ይጀምራል።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ወንበር ሲጎድል የግዛቱ አስተዳዳሪ ማሟያ ምርጫ እንዲጠራ ያስገድዳል። የኛው ቦርድም ቀሪና ድጋሚ ምርጫ ያደርጋል። ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በአፋር፣ በሶማሌና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች በ2013 ሳይመርጡ የቀሩ ወይም ምርጫቸው የተሰረዘባቸው ሰዎች ድምፅ ሰጡ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የወለጋ ጎረቤት ነው፤ ከመንዲ አሶሳ በመኪና ይደረሳል። በ2013 ድምፅ ያልሰጡት የወለጋ ምርጫ ክልሎች ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም፤ ስድስተኛው ፓርላማ የወለጋ ወንበሮች እንደጎደሉት ቀጠለ።